የማይቆርጠው መቀስ

አባ መስመር ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የሚያውቁት ባለቤቱና መታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ናቸው። አርባ ሦስት ዓመት ላሜራ ሲቆርጥ መስመር ስቶ አያውቅም፤ ወይም እንደዚያ ይወራል። የጣሪያ አሸንዳ በሉት፣ የጭስ ማውጫ፣ የአትክልት ውሃ ማጠጫ፣ የእህል መስፈሪያ፣ ከስስ ብረት የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ከእጁ ወጥቷል። አንዲት ጎረቤት፣ "እሱ እኮ ሲሞትም የሳጥኑን ልክ ራሱ ካላሰመረ አይገባላችሁም" ብላ የቀለደችው ቀልድ ሰፈሩን ዞሮ ጆሮው ደረሰ። አልተቀየማትም። "እውነቷን ነው" አለና ሥራውን ቀጠለ።

የሥራ ክፍሉ መንገድ ዳር ነው፤ መኖሪያ ቤቱ ከኋላው ተለጥፏል። ወደ ቤት መግቢያው ሁለት ነው። አንደኛው በሥራ ክፍሉ መሃል አልፎ መሄድ ነው፤ እንግዳም ዘመድም በዚያ ይገባል። ሁለተኛው አጥሩን ዞሮ፣ የጎረቤት እጣቢ የሚፈስበትን ቀጭን መተላለፊያ ረግጦ፣ በጓሮ በር መግባት ነው። በዚያ መግባት የሚወድ ሰው የለም። አንዲት ልጁ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየእሑዱ፣ ክረምት ከበጋ፣ ጫማዋን ጭቃ አስነክታ በጓሮ ነው የምትገባው። እናቷ ሰዓቷን አውቃ መቀርቀሪያውን ትከፍትላታለች። ልጅ፣ "ደህና ዋልክ አባዬ?" ትላለች። አባት፣ "ደህና" ይላል። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መካከል ያለው ወሬ ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡ ቀረ ነው።

ለምን ቢባል፣ ነገሩ ከአንድ ምስማር ይጀምራል።

በሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከመዶሻዎቹ በላይ፣ አንድ ትልቅ ምስማር ተመቷል። አባ መስመር ሥራውን የተማረው ከአጎቱ ነው፤ ምስማሩንም የወረሰው ከእሱ ነው። የአጎትየው ሕግ አጭር ነበር። ብረት ያበላሸ ሰው ስሙ ባበላሸው ብረት ላይ ይጫራል፤ ብረቱ ምስማሩ ላይ ይሰቀላል፤ ሌላ ሰው ሌላ ብረት እስኪያበላሽ ድረስ ከዚያ አይወርድም። የገባ የወጣ ሁሉ ያነበዋል። አባ መስመር ራሱ በልጅነቱ ሁለት ሳምንት ተሰቅሏል። ሁለቱን ሳምንት አንገቱን ደፍቶ ነው የሠራው። በሦስተኛው አንድ ሌላ ሠራተኛ ቱቦ አጣሞ ገላገለው።

ያ አጎት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕጉ ምን እንደሚያደርስ አያውቅም ነበር እንጂ። መቀስ መምረጥንም ያስተማረው እሱ ነው። "በብልጭልጩ እንዳትታለል" ይለው ነበር። "መቀስ በዓይን አይመረጥም፤ በጆሮና በመዳፍ ነው። መጀመሪያ ባዶውን ክፈትና ቀስ ብለህ ዝጋው። ስለቶቹ ከሥር እስከ ጫፍ ድምፅ እያሰሙ እየተሻሹ መሄድ አለባቸው፤ መሃል ላይ ዝም ካሉ ተወው። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሣው፤ በስለቶቹ መሃል ብርሃን ካለፈ ተወው። ከዚያ ስሱን ቁረጥ፣ ቀጥሎ ወፍራሙን። በመጨረሻ በጫፉ ብቻ ቁረጥ። በሥሩ የማይቆርጥ መቀስ የለም፤ መቀስ የሚታወቀው በጫፉ ነው።" ይህን ሁሉ ብሎ ሲያበቃ ሁልጊዜ የሚደመድመው በአንድ ተረት ነው፦ "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።" የተበላሸ ሥራ ሁሉ የአያያዝ ጥፋት ነው፤ መቀስ አይወቀስም፤ የሚወቀሰው ያዡ ነው። አባ መስመር ይህን ተረት ዕድሜ ልኩን አምኖበት ኖረ።

ልጅቱ ክፍሉ ውስጥ ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። መዳኽ ከጀመረች አንሥቶ ብረት እንዳይቆርጣት እናቷ ስታባርራት፣ እሷ ስትመለስ፣ እንዲያ ነው ያለፈው። ስድስት ዓመት ሲሆናት ከቁርጥራጭ ብረት ለአሻንጉሊቷ ወንበር ሠራች። ወንበሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብል ነበር። አባቷ ከልቡ ስቆ፣ "ጠማሜ! ነይ እስቲ የኔ ጠማሜ" አለና አቀፋት። ስሟ ጠማሜ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ ፍቅር ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም ነበራት። ግራኝ ናት። ማንኪያ በግራዋ፣ እርሳስ በግራዋ፣ መጥረጊያ በግራዋ ነው የምትይዘው። ገበታ ላይ አባቷ ግራ እጇን ቸብ እያደረገ፣ "በቀኝሽ!" ይላታል። በቀኟ ትይዝና ዓይኑን ሲያነሣ ትመልሰዋለች። ሥራ ክፍሉ ውስጥም እንደዚሁ ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ "ካንተ ጋር ልሥራ" ስትለው ደስታው ሌላ ነበር፤ ለሰው ባይናገርም ማታ ለባለቤቱ፣ "ምስማሩን የሚረከብ ሰው አገኘሁ" ብሏታል። ግን ልጅቱ ስትቆርጥ ብረቱ እሺ አይላትም። በቀኟ ስትይዝ እጇ ይዝላል፤ እሱ ዞር ሲል በግራዋ ስትይዝ ብረቱ ይታጠፋል፣ ይታኘካል። ከመስመሩ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ደግማ ትወጣለች። "አያያዝ አታውቂም" ይላታል። "ደግሞ!" ይላታል። ትደግማለች። እጇ ውሃ እስኪቋጥር ትደግማለች። ከአባቷ አንድ ነገር ወርሳለች፤ ደረቅ ናት። ጠማሜ የሚለው ስም ግን እየዋለ እያደረ ፍቅሩ ተሟጦ ትርጉሙ ብቻ ቀረ።

ክፉ ቀን መጣ። ለአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ የአሸንዳ ሥራ ነበር። የግንባታው ኃላፊ ከሁለት ሰዎች ጋር ሥራውን ሊያይ በር ላይ ቆሟል። አባ መስመር ሰው ፊት ልጁን ሊያስመሰግን ፈለገና፣ "አንቺ ቁረጪው" አላት። አዲስ፣ ረጅም፣ አንድም ጭረት ያልነካው ላሜራ ነበር። ልጅቱ ደነገጠች፤ ስትደነግጥ መቀሱ ሳታስበው ወደ ግራ እጇ ሄደ። ላሜራው እስከ መሃል ድረስ እየተጨማደደ ሄዶ ሄዶ የተጫረው መስመር ጠፋ፤ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ መሰለ። ከሰዎቹ አንዱ ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ሁሉን ነገር ያበላሸችው።

አባት መቀሱን ከእጇ ነጠቀ። ሰዎቹ ፊት፣ "እጅሽ ብቻ መስሎኝ ነበር" አላት፤ "አንቺ ራስሽ ጠማማ ነሽ።" ይህም አልበቃው። መጫሪያውን አንሥቶ በተበላሸው ላሜራ ላይ "ጠማሜ" ብሎ በትልቁ ጻፈ፤ የታኘከውን ቁራጭ ለይቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ጓንቷን አወለቀች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ በፊት በር ወጣች። በዚያ በር ስትገባ ዳግመኛ አልታየችም። ከተማው ሌላ ጫፍ ቤት ተከራይታ መጽሐፍ መጠረዣ ቤት ተቀጠረች። እናቷ ሄዳ አይታ መጥታ፣ "ወረቀት መቁረጫው ላይ ናት። አለቃዋ ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካው ብሏል፤ አንድ ፀጉር አታዛንፍም" ብትለው፣ "ወረቀት ብረት አይደለም" ብሎ ዘጋት።

ቁራጩስ? እሱ ምስማሩ ላይ ቀረ። ሕጉ ሌላ ሰው እስኪያበላሽ ነው፤ ከእሷ በኋላ በዚያ ክፍል የሠራ እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አያበላሽም። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ "አውርደው" ብላ ለምናዋለች። "ሕግ ሕግ ነው" ነው መልሱ። ልቡ ሲጠየቅ እሱም ማውረድ ይፈልግ ነበር። ግን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚባል ተረት አለ አይደል? ይህን ተረት ያወጣ ሰው ልጅ አልነበረውም፤ ወይም ነበረችውና በጓሮ በር ነው የምትገባው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ዘንድሮ የአባ መስመር ቀኝ እጅ ተሸነፈ። በመጀመሪያ አውራ ጣቱ ደነዘዘ። ቀጥሎ ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ሐኪሙ መዳፉን እያገላበጠ፣ "አባቴ፣ ስንት ዓመት ነው አንድ ነገር ሲጨብጡ የኖሩት?" አለው። ነገረው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "በአውራ ጣትዎ ሥር የሚያልፈው ነርቭ ተጨፍልቆ አልቋል። ይህ እጅ የድርሻውን ሠርቷል፤ ያሳርፉት።"

"ሌላ እጅ አለኝ" አለ አባ መስመር።

ሐኪሙ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉን ከፈተ። አንድ ክንድ የሚያህል ላሜራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ማስመሪያውን አስደግፎ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ጫረ፣ አርባ ሦስት ዓመት ያገለገለውን መቀስ በግራ እጁ ጨበጠ። ጨበጠና ቆረጠ። አልቆረጠም። ላሜራው በሁለቱ ስለቶች መሃል ገብቶ ተጣጠፈ። አውጥቶ አቃናውና ደገመ። ተጣጠፈ። መስመሩን ሊያይ ሲያጎነብስ የላይኛው ስለት ሸፍኖታል፤ በግምት ሄደ። ግምቱ ከመስመሩ ወጣ። ላብ በላብ ሆነ፣ ተሳደበ፣ ገፋበት። ሲጨርስ እጁ ላይ የቀረው ጠርዙ የታኘከ፣ የተጨማደደ ነገር ነው።

አባ መስመር ብረት አበላሸ።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሰዓቱም ያ ነበር። እሱ ግን ወደ በሩ ዞሮ ማንም አለማየቱን አረጋገጠና ቁራጩን ከጠረጴዛው ሥር፣ ከውድቅ ብረቱ መሃል ወሸቀው። በዕድሜው በዚያ ክፍል ውስጥ የሠራው የመጀመሪያ ሌብነት ነው። ቀና ሲል ዓይኑ ምስማሩ ላይ አረፈ።

ዘጠኝ ዓመት አይቶታል፤ ልብ ካላየ ግን ዓይን አያይም። አሁን አየው። በርጩማ ስቦ ወጣና የልጁን ቁራጭ አወረደው። የራሱንም ከጠረጴዛው ሥር መልሶ አወጣው። ጎን ለጎን አስተኛቸው። ጥርሶቹ አንድ ናቸው። እጥፋቱ አንድ ነው። ከመስመሩ የወጣበት፣ የተመለሰበት፣ ደግሞ የወጣበት ቦታ ሳይቀር አንድ ነው። አቧራውን ካላዩ፣ "ጠማሜ" የሚለውን ጽሑፍ ካላነበቡ፣ የቱ የማን እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም።

መቀሱን እንደገና አነሣ። አሁን የሚሠራ ሰው ሆኖ ሳይሆን የሚመረምር ሰው ሆኖ ነው። በባዶው፣ በቀኙ፣ በሚችለው ልክ ዘጋው፤ አውራ ጣቱና አራቱ ጣቶቹ በሚገፉበት አቅጣጫ ሁለቱ ስለቶች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ወደ ግራው አዛወረው፤ ያው ግፊት ስለቶቹን ያላቅቃቸዋል። ወደ መስኮቱ አነሣው። በስለቶቹ መሃል ብርሃን አለፈ። አጎቱ እንዳለው፣ ብርሃን ካለፈ ተወው። መቀሱ ወገን አለው! ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው! ሰው አርባ ሦስት ዓመት አንድ ዕቃ ጨብጦ ይህን ሳያውቅ ይኖራል? ይኖራል። የሚመቸው ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ባለቤቱ ቁርስ በረደ ልትለው ስትመጣ ሁለቱን ብረቶች ጭኑ ላይ አድርጎ አገኘችው። ነገራት። ሁሉንም፣ የመወሸቁን ጭምር። ቀጥላ የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳም።

"እኔ ስለ መቀስ አላውቅም፤ ስለ ልጄ ግን አውቅ ነበር። ግራ እጇን ስትመታ 'ተው፣ እግዜር የሰጣት ነው' አላልኩህም? አንተ መስመር እንጂ ሰው መች ታያለህ።" ድምፅዋ ተሰበረ። "ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው፣ አንተ ሰው። ዘጠኝ ዓመት ጭቃ ረግጣለች።"

ባርኔጣውን አደረገ፤ ከውድቅ ብረቱ ስስ፣ መካከለኛና ወፍራም ሦስት ቁራጭ መርጦ ኪሱ ከተተ፤ ወጣ።

የግንባታ ዕቃ የምትሸጠው ሴትዮ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻዋን የምትመራ፣ አንደበቷ የማይታጠፍ ሰው ናት። "ምን ልስጥዎት ጋሼ?" አለችው።

"ለግራ እጅ የሚሆን የላሜራ መቀስ።"

"ሞልቷል!" ብላ ቀይ እጀታ ያለው መቀስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። "ቀዩ የግራ፣ አረንጓዴው የቀኝ፣ ቢጫው የቀጥታ ነው።"

"እህቴ፣ ቀዩ ወደ ግራ የሚዞር ነው እንጂ ለግራ እጅ የሚሆን አይደለም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው" አለ። ቢሆንም አልናቀውም፤ በግራው ጨበጠና ሞከረው። መስመሩ ከስለቱ ሥር ተደበቀ። መለሰላት። አረንጓዴውን ሞከረ፤ የዚህኛው ስለት በተቃራኒው የተገጠመ ስለሆነ መስመሩ ወለል ብሎ ታየው። ግን አጭር ነው፤ ለክብ መቁረጫ ይሆናል እንጂ ለረጅም አሸንዳ ከሆነ አንዱን ቁራጭ አሥር ጊዜ መንከስ ነው። "ይኼን ያዢልኝ" አላት። "ረጅም ስለት ያለው እፈልጋለሁ። ድሮ እንደምንይዘው ያለ፤ ግን የግራ።"

ረጃጅሞቹን አንድ በአንድ አወጣችለት። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሣ። ሁሉም የቀኝ ናቸው። ስምንተኛው ላይ ሴትዮዋ ሰለቻት።

"ጋሼ፣ ሱቄን እኮ ሙሉውን አገላበጡት! ሌላ የቀረኝ አንድ የማይረባ ነው።" ወደ ጓዳ ገብታ አቧራ የጠጣ ካርቶን ጎትታ አመጣች። ውስጡ እጀታው የተሰበረ መዶሻ፣ ጥርሱ ያለቀ ሞረድ፣ አፉ የማይገጥም ፒንሳ፣ ከሁሉም ሥር በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ መቀስ አለ። "ይኼን ሦስት ሰው ገዝቶ ሦስቱም መለሱት። አይቆርጥም፣ ያጣጥፋል አሉ። ሦስተኛውማ 'አታለልሽኝ' ብሎ ሊመታኝ ነበር። ብሎኑን ጠበቅነው፣ አሳልነው፣ ወይ ፍንክች! አምራቹ ሲሠራው ያበላሸው መሆን አለበት።"

አባ መስመር ወረቀቱን ገለጠ። የላይኛው ስለት ያለው በሌላው ጎን ነው።

አልቸኮለም። አጎቱ እንዳስተማረው ሄደ። በግራው ጨብጦ ባዶውን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ስለቶቹ ከሥር እስከ ጫፍ ሳያቋርጡ ተንሾካሾኩ። ወደ በሩ ብርሃን አነሣው፤ ምንም አላለፈም። ስሱን ቆረጠ። መካከለኛውን ቆረጠ። ወፍራሙን ቆረጠ። በመጨረሻ በጫፉ ብቻ ሞከረ። የብረቱ ቁራጭ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተጠቅልሎ ባንኮኒው ላይ ወደቀ፤ ጠርዙን በጣቱ ሲዳስሰው አይሻክርም።

"ምነው ጋሼ?" አለች ሴትዮዋ ደንግጣ። እንባው ጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። "ቆረጠዎት እንዴ?"

"አይ" አለ። "ጤነኛ ነው። ምንም አልነበረውም። በቀኛቸው የያዙት ሦስቱ ናቸው ያጠፉት።"

እሑድ ደረሰ። አባ መስመር ባለቤቱን፣ "ዛሬ በፊት በር አስገቢያት" አላት።

"አላስገባም" አለችው። "ያስወጣሃት አንተ። የምትጠራትም አንተ። እኔ እንደ ወትሮዬ ጓሮውን እከፍታለሁ።"

እውነት ነበር፤ ተቀበለው። በፊት በር ወጣ፣ አጥሩን ዞረ፣ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ረግጦት ወደማያውቀው መተላለፊያ ገባ። ጭቃው ጫማውን ዋጠው። ከጓሮ በሩ በማይታይ መታጠፊያ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እየቆየ ሲሄድ ሽታው፣ ጥበቱ፣ ከላይ ከጎረቤት ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ሁሉ ገባው። ጣሪያው አሸንዳ የለውም። የአባ መስመር ልጅ በምታልፍበት መንገድ ላይ አንድ አሸንዳ አልተሠራም።

ልጁ መጣች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሱ ግን ሲያስባት ሁልጊዜ አሥራ ዘጠኝ ናት። ስታየው ቆመች።

"አባዬ? እማዬ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። በፊት በር እንግባ።"

ወደ ጫማዋ አየች። "ጫማዬ ጭቃ ነው" አለች በመጨረሻ።

"የኔም" አላት።

ወደ ጫማው አየች። ከዚያ ዞረች፤ እሱ ተከተላት። በሩ ላይ ስትደርስ እግሯ እምቢ አለ፤ እሱም ከኋላዋ ቆሞ ጠበቃት እንጂ አልገፋትም። ገባች። ዓይኗ የሄደው ወዲያው ወደ ምስማሩ ነው። አንድ የታኘከ ላሜራ እንደ ድሮው ተሰቅሏል። ፊቷ ጠቆረ። ልትመለስ ዞር ስትል ጽሑፉን አየችው። ጽሑፉ የሕፃን ጽሑፍ ይመስላል፤ በግራ እጅ የተጫረ ነው። "አባ መስመር" ይላል።

"ማን ነው ይኼን የሰቀለው?"

"እኔ። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። በግራዬ ስቆርጥ።" መናገር ከበደው፤ ግን ተናገረ። "መቀሱ የቀኝ ነበር። የሰጠሁሽ ሁሉ የቀኝ ነበር። እጅሽ ጤነኛ ነበር፤ አንቺም ቀና ነበርሽ። ጠማማው እኔ ነኝ። ሰው ፊት አዋረድኩሽ፤ ይቅርታውንም ሰው ፊት ልጠይቅሽ ነበር፣ ግን እስከዚያ መታገስ አቃተኝ። ይቅር በይኝ።"

ልጅቱ ጠረጴዛውን ያዘች። "ዘጠኝ ዓመት ራሴን ስጠላ" አለች፤ ቃሉ ተሰባብሮ ነው የወጣው። "ዘጠኝ ዓመት፣ አባዬ።"

"ዘጠኝ ዓመት" አለ እሱም።

መቀሱ ጠረጴዛው ላይ፣ በግራ በኩል ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ ረጅም ላሜራ ተዘርግቷል፤ ከዳር እስከ ዳር መስመር ተጭሮበታል። "ሞክሪው" አላላትም። እሷም አልጠየቀችም። እንባዋን በክንዷ ጠረገች፣ መቀሱን በግራ እጇ አነሣች፣ መጀመሪያ ባዶውን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ ሰማችው። ወደ መስኮቱ አነሣችው። ይህን አንድም ቀን አልረሳችውም ማለት ነው። ከዚያ ጎንበስ አለችና ጀመረች።

አባ መስመር መስመሩን አላየም። ፊቷን ነው ያየው። ግንባሯ መጀመሪያ ተቋጥሮ ነበር፤ ሩብ ያህል ስትሄድ ተፈታ፤ መሃል ስትደርስ አፏ ተከፈተ፤ እስከ ጫፍ ሄዳ ቁራጩ ወለሉ ላይ ሲወድቅ፣ እንደዚያች የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ቀና ብላ አየችው። ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተመልሶ ተቋጠረ፤ የዘጠኝ ዓመት ነገር በአንድ ቁራጭ ብረት አያልቅም።

መቀሱን በምትወጣበት ጊዜ ይዛው የምትሄድ መስሎት ነበር። እሷ ግን ከመዶሻዎቹ ግራ አንድ ባዶ መስቀያ ፈልጋ ሰቀለችው። ከዚያ ወደ ምስማሩ አመለከተች።

"ሕጉ ሌላ ሰው እስኪያበላሽ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲህ ቻለው" አለች። "እኔ ከእንግዲህ አላበላሽልህም።"

እናት በጓሮ በኩል መቀርቀሪያውን ይዛ፣ ልጄ ዛሬ ምነው ዘገየች እያለች፣ አሁንም ወደ መተላለፊያው ታይ ነበር።